ከሞኒተሩና ከሶኬቱ ጀምሩ፦ በአነስተኛ ገንዘብ የጌም ኮምፒውተር ስለ መገጣጠም ባሕር ዳር ላይ የተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ዋላችሁ?

ከፖሊ ካምፓስ የመጣችሁ፣ ከፔዳ ካምፓስ የመጣችሁ፣ ከየሰፈሩ በባጃጅም በእግራችሁም የመጣችሁ፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ ደግሞ ወላጆች አያለሁ። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እናንተን ለብቻ አመሰግናለሁ። የቅዳሜን ከሰዓት ለልጅ ብሎ አዳራሽ ውስጥ መቀመጥ ትልቅ ነገር ነው። ለእናንተም የምለው አለኝ፤ እደርስበታለሁ። ድምፄ ከኋላ ይሰማል? ይሰማል? ጥሩ።

የተጠራሁት በትንሽ ገንዘብ የጌም ኮምፒውተር ስትገጣጥሙ ምን ምን እንደምትመርጡ እንድነግራችሁ ነው። ኮምፒውተር መጠገንና መገጣጠም እንጀራዬ ነው። እዚሁ ባሕር ዳር። ስለዚህ የምነግራችሁ በየቀኑ በእጄ የሚያልፈውን ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ዛሬ የብር ዋጋ አልጠራም። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዛሬ የምጠራላችሁ ቁጥር ለከርሞ አይሠራም። የማይለወጠውን ብነግራችሁ ይሻላል። የማይለወጠው ገንዘባችሁ የሚወጣበት ቅደም ተከተል ነው።

እሺ። ሱቅ የሚመጣ ልጅ የመጀመሪያ ጥያቄው ምንድን ነው? ሁልጊዜ አንድ ነው። «ምን ግራፊክስ ካርድ ልግዛ?» ይለኛል። እኔ ደግሞ መልሼ ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ። ሞኒተርህ ምን ዓይነት ነው? ቤትህ መብራቱ እንዴት ነው? ብዙዎቹ ግር ይላቸዋል። ካርድ ሊጠይቁ መጥተው ስለ መብራት ሲጠየቁ ነገሩ አይገጥምላቸውም።

ግን የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ይኸው ነው። ከሞኒተሩና ከሶኬቱ ጀምሩ። ኮምፒውተር ሁለት ጫፍ አለው። በአንዱ ጫፍ መብራት ይገባል፤ በሌላው ጫፍ ሥዕል ይወጣል። ሁለቱን ጫፎች ካወቃችሁ መሀል ያለው ዕቃ ራሱ ይመራችኋል። ካላወቃችሁ ግን በትልቅ ገንዘብ የማትጠቀሙበትን ነገር ትገዛላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ሞኒተሩ እናገራለሁ። ቀጥዬ ስለ ሶኬቱ፤ እዚያ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ከዚያ ወደ መሀሉ እንገባለን።

ሞኒተር። ካርድ ሥራው ነጥብ መሳል ነው። 1920 በ1080 የሆነ ሞኒተር ላይ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ አለ። ካርዱ ይህን ሁሉ ነጥብ በሰከንድ 60 ጊዜ እንደገና ይስላል። 4ኬ የሚባለው ስክሪን ላይ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነው፤ አራት እጥፍ ማለት ነው። ከቢሮ የወጡት 1600 በ900 የሆኑት ሞኒተሮች ላይ ደግሞ 1 ሚሊዮን 440 ሺህ ብቻ ነው። እንግዲህ ቤቱ የቢሮ ሞኒተር ያለው ልጅ ለ4ኬ የተሠራ ካርድ ምን ያደርግለታል? ምንም።

ሌላም አለ። ሞኒተሩ 60 ኸርትዝ ከሆነ በሰከንድ ከ60 ሥዕል በላይ ሊያሳያችሁ አይችልም። ካርዱ 140 ቢስል ዓይናችሁ የሚያየው ያንኑ 60ውን ነው። ታዲያ ለቀረው ለምን ትከፍላላችሁ?

እኔ የምመክረው ባለ 1080 ሞኒተር ነው፤ 22 ወይም 24 ኢንች፤ ከተገኘ 75 ኸርትዝና ከዚያ በላይ። ያገለገለ ቢሆንም ችግር የለውም፤ ሞኒተር ከሌሎቹ ዕቃዎች ይልቅ በአገልግሎት ብዙ አይጎዳም። ስትገዙ ግን አስከፍቱት። ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ ቀይ ሥዕል አምጡበትና በደንብ እዩት። የሞተ ነጥብና የቢጫ ጥላ ያኔ ይታያል።

ከኋላውም ቀዳዳውን እዩ። የድሮ ሞኒተር ቪጂኤ የሚባለው የቆየ ሰማያዊ ቀዳዳ ብቻ ሊኖረው ይችላል። አዳዲሶቹ ካርዶች ቪጂኤ የላቸውም። ኤችዲኤምአይ የሚባለውን የአዳዲሶቹን ቀዳዳ ወደ ቪጂኤ የሚለውጥ ትንሽ ገመድ ይሸጣል፤ ይሠራል። ግን ገመዱ የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ከካርዱ ኤችዲኤምአይ ወደ ሞኒተሩ ቪጂኤ የሚወስደውን እንደምትፈልጉ ለሻጩ ንገሩት። በቴሌቪዥን የምትጫወቱ ደግሞ የቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የጌም ሞድ የሚለውን ክፈቱ። ያን ካላደረጋችሁ ቁልፉን ስትጫኑና ሰውዬው ሲተኩስ ያለው ጊዜ ይለያይባችኋል።

የሞኒተሩ ነገር ይኸው ነው። አሁን ወደ ሶኬቱ። እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ።

አንዲት ተማሪ ኮምፒውተሯን ይዛ መጣች። «ቀን ሙሉ ምንም አይልም። ማታ ጌም ስከፍት ድርግም ብሎ ይጠፋል» አለች። ያየላት ሰው ካርዱ ተበላሽቷል ብሏታል። ለአዲስ ካርድ ገንዘብ እያጠራቀመች ነበር። ሱቅ ላይ ከፈትኩት፤ ጌም ለቀቅኩበት፤ ሰዓታት ሠራ። ምንም የለበትም። ታዲያ ለምን ማታ ብቻ?

ማታ ቤቷ ሄድኩ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ነው። ቮልት መለኪያውን፣ መልቲሜትሩን፣ ሶኬቱ ላይ አደረግሁ። 220 መሆን ያለበት 178 ይላል። ቆሜ እያየሁት ወደ 171 ወረደ። ወደ ግቢው ወጣ ብዬ አየሁ። አከራይዋ ምጣድ ጥደው እንጀራ እየጋገሩ ነው። የጎረቤቱም ምጣድ ተሰክቷል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል። ሰፈሩ በሙሉ በዚያ ሰዓት ይጋግራል፣ ወጥ ይሠራል፣ ካውያ ይሰካል። ቮልቱ ባይወርድ ነበር የሚገርመው።

ተመልሼ ገባሁና የኮምፒውተሩን ጎን ፈታሁት። ፓወር ሰፕላዩ ላይ፣ ማለትም ከሶኬት መብራት ተቀብሎ ለውስጥ ዕቃዎች የሚያከፋፍለው ዕቃ ላይ፣ የተለጠፈውን ወረቀት በስልክ መብራት አነበብኩ። የሚቀበለው ቮልት ከ200 እስከ 240 ይላል። መልሱ እዚያ ነበር። ሶኬቱ ላይ 171 ነው፤ ዕቃው ከ200 በታች አልቀበልም ብሎ ተጽፎበታል። ቀን ላይ ይሠራል፤ ማታ ካርዱ ሙሉ ጉልበት ሲጠይቀው አቅም ያጣል፣ ይጠፋል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ፓወር ሰፕላይ ቀየርንለት። በቃ። ካርዱ ድሮም ጤነኛ ነበር። ለካርድ ባጠራቀመችው ገንዘብ ራም የሚባለውን ጊዜያዊ ሜሞሪና ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ፋይል ማስቀመጫ ገዛች።

ልብ በሉ። ያቺ ልጅ አዲስ ካርድ ብትገዛ ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? አዲሱም ካርድ ማታ ማታ ይጠፋ ነበር። ቀጥሎ ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ማዘርቦርድ ትገዛ ነበር። ቀጥሎ ስሌቱን የሚሠራውን ፕሮሰሰር። ስንት ልጅ እንዲህ ገንዘቡን ጨርሷል!

ሰዎች ይጠይቁኛል። «ጣና አጠገብ እየኖርን፣ ጢስ ዓባይ አጠገብ እየኖርን ለምን መብራት ይደክማል?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ከጣና ውሃ የሚስበውና በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ ብቻውን 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ግን ማመንጨት ሌላ፣ ቤት ማድረስ ሌላ። ቮልት የሚወርደው ሰፈር ውስጥ ነው። አንድ ትራንስፎርመር ላይ ብዙ ቤት ሲሰካ፣ ሽቦው ቀጭን ሲሆን፣ መስመሩ ሲረዝም ይወርዳል። ከትራንስፎርመሩ ራቅ ያለ ቤት የምትኖሩ ከሌላው ይበልጥ ታውቁታላችሁ። እናንተ ትራንስፎርመሩን መቀየር አትችሉም። ፓወር ሰፕላዩን ግን መምረጥ ትችላላችሁ።

ስለዚህ ወረቀቱን አንብቡ። ካርቶኑን አይደለም፤ ዕቃው ጎን ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። ሦስት ነገር እዩበት።

አንደኛ፣ የሚቀበለው ቮልት። ከ100 እስከ 240 የሚለውን ያዙ። ለእኛ ሰፈር የሚሆነው እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ 12 ቮልት ከሚለው ሥር ያለውን አምፔር። ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚበሉት ከዚያ ነው። አምፔሩን በ12 አባዙት። 38 አምፔር ከሆነ 456 ዋት ነው፤ ጥሩ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 500 ዋት ተጽፎ ወረቀቱ ላይ 12 ቮልት 18 አምፔር ካለስ? አባዙት። 216 ዋት። የተጻፈው 500፣ ለጌም የሚደርሳችሁ 216! እንዲህ ያለውን በእጄ ይዤ አይቻለሁ። እናንተም ታያላችሁ። ከፍ ስታደርጉት ይቀልላችኋል፤ ውስጡ ባዶ ነው።

ሦስተኛ፣ 80 ፕላስ የሚለው ምልክት። ይህ ምልክት ዕቃው ከሶኬት ከሚስበው ቢያንስ 80 በመቶውን ለኮምፒውተሩ እንደሚሰጥና የቀረውን በሙቀት እንደሚያባክን ይነግራችኋል። መኖሩ ጥሩ ነው። ግን ብክነት ነው የሚለካው እንጂ ዕቃው ከአደጋ ይጠብቃል ማለት አይደለም። እሱን ብቻ አይታችሁ አትግዙ።

አንዳንድ የቆዩ ፓወር ሰፕላዮች ከኋላ ትንሽ ቀይ ማብሪያ አላቸው። 115 ወይም 230 ይላል። አደራ፣ 230 ላይ መሆኑን ሳታዩ አትሰኩ። 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ጧ ብሎ ይፈነዳል። አንዳንዴ ብቻውን አይሄድም፤ ማዘርቦርዱንም ይዞት ይሄዳል።

ሌላም ልጨምር። ኬዙን ስትነኩ የሚነዝራችሁ አላችሁ? እጅ አውጡ እስቲ። አያችሁ? ይኼ ሁሉ ሰው። ብዙ ቤት የመሬት ሽቦ የለውም። ቢጫና አረንጓዴ የሆነው ሽቦ ሶኬቱ ውስጥ አልተያያዘም ማለት ነው። ኤሌክትሪሺያን አምጥታችሁ አሠሩት። ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት አሠሩት። ለዕቃው ብቻ ብዬ አይደለም፤ ለእናንተው ሕይወት ነው።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ቮልቱ ከፍ ዝቅ ይላል። መብራት ሲጠፋ ዲቫይደሩን ከሶኬት ንቀሉ። ሲመጣ ትንሽ አቆዩና ሰኩ። በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምርም እንደዚያው፤ የኢንተርኔቱን ገመድ ጭምር ንቀሉ። መብረቅ በእሱም ይገባል።

ዩፒኤስ? መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየውን ማለቴ ነው፤ ከቻላችሁ ግዙ። ግን 650 ቪኤ የሚለው 650 ዋት አይደለም። ብዙ ጊዜ ከ360 እስከ 390 ዋት ነው። ዓላማውም እየተጫወታችሁ እንድትቆዩ አይደለም፤ ሴቭ አድርጋችሁ በሰላም እንድታጠፉት ነው። ከኮምፒውተሩ ጋር ሞክራችሁ ግዙ፤ አንዳንዱ ርካሽ ዩፒኤስ ከአንዳንድ ፓወር ሰፕላይ ጋር አይስማማም፣ መብራቱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

እሺ፣ አሁን መሀሉ። ግራፊክስ ካርድ። ፈገግ አላችሁ! እሱን ነበር የምትጠብቁት።

ሶኬታችን ደካማ ከሆነ ትንሽ ዋት በልቶ ብዙ የሚሠራ ካርድ ነው የምንፈልገው። ይህን ሕግ ያዙ። ካርዱ ከሚሰካበት ቀዳዳ ብቻ እስከ 75 ዋት ያገኛል። ከዚያ በላይ ከፈለገ ከፓወር ሰፕላይ ገመድ ይሰካበታል፤ ባለ 6 ፒኑ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ዋት ይጨምራል። ጂቲኤክስ 1650 የሚባለው ካርድ 75 ዋት ነው። ብዙዎቹ ዓይነቶቹ ተጨማሪ ገመድ አይፈልጉም። 4 ጊጋ ሜሞሪ ነው ያለው፤ ለዶታ፣ ለቫሎራንት፣ ለኢፉትቦል፣ ለጂቲኤ 5 ይበቃል። ከፍ ማለት ለሚችል ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር አለ፤ 125 ዋት። አርኤክስ 6600 ደግሞ 132 ዋት ነው፤ ባለ 8 ጊጋ። ለ1080 ሞኒተር እኔ በዚህ ገንዘብ ከእሱ የተሻለ አላውቅም። አርኤክስ 580ን ብዙ ሰው ርካሽ ነው ብሎ ይገዛዋል። በፈረንጆቹ 2017 የወጣ ነው፤ 185 ዋት ይበላል። ከ6600 ያነሰ ይሠራል፣ የበለጠ ይስባል። መብራቱ የሚደክም ሰፈር ላለ ሰው አልመክረውም። በዚያ ላይ ሁለት ዓይነት 580 አለ። ትክክለኛው ኮር የሚባል ትንሽ የስሌት ክፍል 2304 አለው። ሌላው 2048 ነው፤ ካርቶኑ ላይ ስሙ ያው 580 ነው። ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

ስለ መጠየቅ ካነሳን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አንድ ወጣት በቴሌግራም ካርድ ገዛ። 1050 ቲአይ ነው ተብሎ። በጥሩ ዋጋ። ብሩን ላከ፤ ዕቃው በአውቶቡስ መጣለት። ሰካው፤ ዊንዶውስ 1050 ቲአይ ብሎ አነበበው። ጌም ሲከፍት ግን ይንተባተባል፣ ይዘጋል። ይዞልኝ መጣ። ገና ከእጁ ስቀበለው ከኋላው ሰማያዊውን የቪጂኤ ቀዳዳ አየሁ። ኤንቪዲያ ከ1000ዎቹ ካርዶች ጀምሮ የቪጂኤ ሲግናልን ከቺፑ አውጥቶታል። ታዲያ ይኼ ቀዳዳ ከየት መጣ? ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፈትኩ። ከስሙ በፊት ሐሰተኛ መሆኑን ጽፎ አመጣው። ውስጡ በ2011 የወጣው ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ነበር። ባዮሱን፣ ማለትም ዕቃው ውስጥ የተቀመጠውን ማስነሻ ፕሮግራም፣ ቀይረው አዲስ ስም ሰጥተውታል። ልጁ ሲደውል ሻጩ የውሃ ሽታ ሆነ።

ያ ልጅ አንድ ክረምት ሙሉ ሠርቶ ያጠራቀመው ገንዘብ ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል። ስለዚህ ያገለገለ ካርድ ስትገዙ ብር ከመላካችሁ በፊት የጂፒዩ-ዚን ስክሪን በቪዲዮ አስልኩ። ቪዲዮው ላይ የዕለቱን ቀንና የእናንተን ስም በወረቀት ጽፎ ያሳያችሁ። እውነተኛ ሻጭ ይህን ለማድረግ አይከፋውም። የሚከፋው ካለ ተዉት።

ከማይኒንግ፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብ ከማምረት ሥራ፣ የወጣ ካርድስ? ኢቴሪየም የሚባለው ገንዘብ መስከረም 2015 ላይ በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቆም ብዙ ካርድ ገበያ ላይ ወጣ። እኔ እነሱን አልፈራም። ብዙ ጊዜ የሚያረጀው ፋኑ ነው። በእጃችሁ አዙሩት፤ ቢንገጫገጭ ወይም ቢወዛወዝ ፋኑን መቀየር እንዳለባችሁ አስባችሁ ተከራከሩ። ግማሽ ሰዓት ከባድ ጌም አስከፍቱበት። ሥዕሉ ላይ ባለ ቀለም ነጠብጣብ ካመጣ ግን አትንኩት።

ፕሮሰሰር ላይ አጭር እሆናለሁ። ሰው እዚህ ላይ ገንዘብ ያበዛል፤ አያስፈልግም። ኮር አይ3-12100ኤፍ ባለ 4 ኮር ነው፤ ላነሳነው ካርድ ሁሉ ይበቃል። ራይዘን 5 5600 ባለ 6 ኮር ነው፤ ገንዘብ ከተረፈ ጥሩ። ግን ኢንቴል ላይ መጨረሻው ኤፍ የሚለው ፊደል ምን ማለት እንደሆነ እወቁ። የራሱ ግራፊክስ የለውም ማለት ነው። ካርዳችሁ ቢበላሽ ስክሪኑ ባዶ ይሆናል። 5600 ራሱም እንደዚያው ነው።

ካርድ መግዛት ገና ለማትችሉ ራይዘን 5 5600ጂ አለ። የራሱ ግራፊክስ አለው። ቀለል ያሉ ጌሞችን ሴቲንጉን ዝቅ አድርጋችሁ ትጫወቱበታላችሁ። ካርዱን ለከርሞ ትጨምራላችሁ። ይህን መንገድ በጣም እወደዋለሁ። ተማሪ የሆነ ሰው አንዴ ሁሉን መግዛት የለበትም። ቢ450 ማዘርቦርድ ላይ ራይዘን 5000 ስታስገቡ ግን ባዮሱ መታደሱን ሻጩን ጠይቁ። ካልታደሰ ኮምፒውተሩ ይበራል፣ ሥዕል አያመጣም። ዕቃው ተበላሽቷል ብላችሁ ትጨነቃላችሁ።

ራም። 16 ጊጋ። አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8። ለምን? ፕሮሰሰሩ ከሁለቱ በአንድ ጊዜ ያነባል። በተለይ 5600ጂ የያዘ ሰው ራሙን ለግራፊክስም ስለሚጠቀምበት ልዩነቱን በዓይኑ ያየዋል። አራት ቀዳዳ ያለው ማዘርቦርድ ላይ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ሰኩ። ዲዲአር4ና ዲዲአር5 አይለዋወጡም። ማዘርቦርዱን ሳታዩ ራም አትግዙ። የ12ኛው ትውልድ ኢንቴል ማዘርቦርዶች አንዳንዶቹ ዲዲአር4፣ አንዳንዶቹ ዲዲአር5 ናቸውና ተጠንቀቁ።

ኤስኤስዲ። ቢያንስ 512 ጊጋ። ጂቲኤ 5 ብቻውን 100 ጊጋ ገደማ ይይዛል። ኢንተርኔታችንን እናውቀዋለን፤ ቦታ ጠቦ ያጠፋችሁትን ጌም እንደገና ማውረድ ምን ያህል ዳታ እንደሚበላ የሚያውቅ ያውቀዋል። የድሮ ሃርድ ዲስክ ካላችሁ አትጣሉት፤ የማትጫወቱበትን ጌም አስቀምጡበት። ዊንዶውሱ ግን ኤስኤስዲ ላይ ይሁን።

አሁን በጣም እጅ ያጠራችሁ ስሙኝ። ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ ካርድ መጨመር ጥሩ መንገድ ነው። እኔ ብዙ ሰው በዚህ አስጀምሬአለሁ። ግን ሦስት ወጥመድ አለው። የመጀመሪያው ዊንዶውስ ነው። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። አይ5-8500 ሲል መጀመሪያ ያለው 8 ትውልዱ ነው። አይ5-4590 ከሆነ 4ኛ ነው፤ ቫሎራንት ዊንዶውስ 11 ላይ የሚጠይቀውን የደኅንነት መስፈርት አያሟላምና እሱን ለመጫወት ካሰባችሁ ይቅርባችሁ። ሁለተኛው ቁመቱ ነው። ቀጭኑ ኬዝ ውስጥ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ አይገባም። ታወር የሚባለውን ቁመተ ረጅሙን ግዙ። ሦስተኛው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ለምሳሌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ዋና ገመድ ባለ 8 ፒን ነው፤ ገበያ ላይ ያለው ፓወር ሰፕላይ ባለ 24 ፒን ነው። መለወጫ ገመድ ካላገኛችሁ መቀየር አትችሉም። ለዚህ ነው ለቢሮ ኮምፒውተር ተጨማሪ ገመድ የማይፈልገውን ባለ 75 ዋት ካርድ የምመክረው። እዚህም ቢሆን ወረቀቱን አንብቡ!

ስለ ኬዝ ብዙ አልልም። ከፊት አየር የሚገባበት ወንፊት ይኑረው፤ ከፊት አንድ ፋን፣ ከኋላ አንድ ፋን። መስታወትና ባለ ቀለም መብራት ገንዘብ ሲተርፍ ነው። ግን አንድ ነገር እወቁ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል ካለው ወደ 20 በመቶ ይሳሳል። ፋኑ እኩል ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። በሚያዝያና በግንቦት ያለውን ሙቀት ጨምሩበት። የበጋውን አቧራ ጨምሩበት። ስለዚህ ኮምፒውተሩን መሬት ላይ አታስቀምጡ። ወንፊቱን በብሩሽ ጥረጉ። አየር ስትነፉበት ፋኑን በጣት ያዙት፤ በራሱ እንዲሽከረከር አትፍቀዱ።

ከአዲስ አበባ ዕቃ የምታስመጡም አላችሁ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፤ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ ነው የሚመጣው። ተገጣጥሞ የሚመጣ ከሆነ ካርዱ ተነቅሎ ለብቻው ይታሸግ። ከባድ ካርድ እንደተሰካ ተንገጫግጮ ሲመጣ የማዘርቦርዱን ቀዳዳ ይሰብረዋል። የተሰበረ ቀዳዳ ተቀብያለሁ፤ መጠገኑ አስቸጋሪ ነው።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወደ እናንተ። ልጃችሁ ፕሌይስቴሽን ቤት ውሎ ሲመጣ ትናደዱ ይሆናል፤ ይገባኛል። ይህ የምንገጣጥመው ዕቃ ግን ጌም ብቻ አይደለም። አርክቴክቸር የሚማር ልጅ ሕንፃ ይስልበታል። ቪዲዮ የሚያቀናብር ሠርግ ያቀናብርበታል፤ ብሌንደር የሚባለውን ፕሮግራም በነፃ አውርዶ አኒሜሽን ይማርበታል። ከሁሉም በላይ ግን መገጣጠሙ ራሱ ትምህርት ነው። ቮልት፣ አምፔር፣ ዋት መጽሐፍ ላይ ሲያነባቸው የነበሩትን ወረቀቱ ላይ ያባዛቸዋል። ሰዓቱን እናንተ ወስኑለት። ዕቃውን ግን ከልክላችሁ አትመልሱት፤ ከልቤ ነው የምላችሁ። ከቻላችሁ ሲገጣጥም አጠገቡ ቁጭ በሉ።

የገንዘቡን ነገር ልናገርና ልጨርስ። በእኔ ግምት ለሳጥኑ፣ ማለትም ከሞኒተሩ ውጭ ላለው ዕቃ ሁሉ፣ ከያዛችሁት ገንዘብ አርባ በመቶ ገደማው ለካርድ ይሂድ። ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን ከአሥር በመቶ አትውረዱ፤ ሰው ሁሉ የሚቀንሰው ከዚያ ነው። ከቀረው ፕሮሰሰሩና ማዘርቦርዱ አብዛኛውን ይወስዳሉ፤ ራምና ኤስኤስዲ ይከተላሉ፤ ኬዙ የመጨረሻው ነው። ገንዘቡ ካልበቃ ከካርዱ ቀንሱ። ከኤስኤስዲውም ቀንሱ፤ በኋላ ይጨመራል። ከፓወር ሰፕላዩ አትቀንሱ። ከፓወር ሰፕላዩ አትቀንሱ።

አሁን ጥያቄ እንቀበላለን። ከኋላ ካሉት እንጀምር፤ አንቺ፣ ቀይ ሻርፕ ያደረግሽው፣ ቀድመሽ እጅ አውጥተሻል። ቀሪዎቻችሁ ተራ እስኪደርሳችሁ ወደዚህ ጠረጴዛ ኑ። ሁለት ፓወር ሰፕላይ ይዤ መጥቻለሁ፤ የሁለቱም ካርቶን ላይ 500 ዋት ይላል። ወረቀቶቻቸውን አንብቡና የትኛውን እንደምትገዙ ንገሩኝ።